ችኩል መንገደኛ ምን ያያል?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ አጭር ጉዞ ነው። ጉዞውን ካደረግሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ያስተማረኝ ነገር ግን የገባኝ እያደር ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለውን መንገድ የሄዳችሁ ብዙዎች ትሆናላችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

በታኅሣሥ ወር አንድ ሐሙስ ቀን በመሥሪያ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ ከመንዝ ስልክ ተደወለልኝ። «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፤ ቢመችህ ብቅ በል» የሚል ነበር። የአገራችንን ልማድ የምታውቁ ሁሉ ይህ «ትንሽ አሟቸዋል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አትስቱትም። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ የሞተውን ታሟል፣ የታመመውን ደኅና ነው ማለት የተለመደ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቄ፣ ጥቁር ልብስ ከሻንጣዬ ሥር ደብቄ፣ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ መሐል ሜዳ ያለው መንገድ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯትን ደብረ ብርሃንን ሳልወርድባት አለፍኋት። ሾፌሩን «ቶሎ በል» እያልሁ መከራውን አሳየሁት። ጣርማ በር ስንደርስ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ፈለፈለው ዋሻ ሳንገባ ወደ ግራ ታጥፈን የመንዝን መንገድ ያዝን። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነገር ቢኖር የእጅ ሰዓቴን ነው። ባናውን የተከናነበ አንድ እረኛ እጁን ቢያነሣልኝ እንኳ አጸፋውን ሳልመልስ አቧራ አልብሼው ማለፌን አስታውሳለሁ። የጓሳንም ደጋ እንዲሁ እንደ ሕልም አለፍሁት።

ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለው ቤታችን ስደርስ አባቴ በሕይወት ነበሩ። እምድጃው አጠገብ ከመደቡ ላይ ተጋድመዋል። ጕልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ቀጥለውም፣

«ልጄ፣ በጓሳ ስታልፍ ሣሩ እንዴት ነበረ?» አሉኝ።

«ደኅና ነው» አልሁ።

«ደኅናውንስ ደኅና ይሁን። ከጕልበት ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

ዝም አልሁ። አባቴም ያለ ምንም ቍጣ «አላየኸውም» ብለው ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ።

ያን ዕለት ማታ ጠያቂ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎቴ ከግሼ፣ አክስቴ ከመርሐ ቤቴ የጀማን ገባሮች ሸለቆ ወርደው ወጥተው፣ ሁለቱም በእግርና በበቅሎ የመጡ ነበሩ። የማን ገብስ በውርጭ እንደ ተመታ፣ የትኛው አውድማ ገና እንዳልተወቃ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ጐደለ ለአባቴ አንድ በአንድ ነገሯቸው። በመኪና የመጣሁት የተማርሁት ልጅ ግን የምናገረው አልነበረኝም።

አባቴ ስለ ጓሳ የጠየቁኝ እንዲያው ለጨዋታ አልነበረም፤ በጕብዝናቸው ዘመን ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩና ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የሣር ምድር ነው። መንዜ ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በዚሁ ሣር ነው። ሲተረክ እንደኖረው፣ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ምድሩን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮም ዘሮቻቸው «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ጠበቁት። በዚህ ሥርዐት ጓሳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ መድረሱ ሲታወቅ ለሁሉ በአንድ ቀን ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ የርስትን ሥሪት ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ሣሩም ለዘፈቀደ ዐጨዳ ተጋለጠ። ሆኖም ሕዝቡ ጥቂት ቈይቶ በየቀበሌው ሰው መርጦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። እንግዲህ ከጕልበት መድረሱንና አለመድረሱን ማወቅ ለአባቴ የአገር ጕዳይ ነበረ።

እሑድ ስመለስ ሾፌሩን ጓሳ ላይ አስቆምሁት። ወርጄ ከሣሩ መካከል ገባሁ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል። ሣሩን በጕልበቴ ለካሁት። አዲስ አበባም ገብቼ በጐረቤት ስልክ አባቴን አስጠርቼ፣ «በመንገዱ ዳር ከጕልበት በታች ነው፤ ወደ ገደሉ ግን ከጕልበት አልፏል» አልኋቸው። «አሁን አየኸው» አሉኝ። አባቴ ከዚያ በኋላ ዓመት አልቈዩም። ጥቁሩን ልብስ ያወጣሁት በሚቀጥለው ጥቅምት ነው።

ክቡራን አድማጮቼ፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ወደ አገር ቤት የምንወጣው ወይ ለኀዘን ወይ ለጕብኝት ነው፤ በሁለቱም እንቸኩላለን። ኪሎ ሜትሩን ቈጥረን፣ ውሎ አበሉን አስልተን፣ ከመኪና መስኮት ባየነው ላይ ተነሥተን «ሁኔታው ደኅና ነው» የሚል ራፖር እንጽፋለን። በዚያ ራፖር ላይ ተመሥርቶም ለገበሬው ይወሰንለታል። እኔ ለአባቴ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ እንዲህ ያለ ራፖር ነበረ። እርሳቸው ውሸቱን ያወቁት ሣሩን ስለሚያውቁት ነው፤ የመሥሪያ ቤት አለቃ ግን ሣሩን አያውቀውምና ያምነናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጕዟችሁ፣ ምንም ብትቸኩሉ፣ ለግማሽ ሰዓት ከመኪናችሁ ውረዱ። እጁን ላነሣላችሁ እረኛ ሰላምታውን መልሱለት፤ ሣሩ የት እንደ ደረሰም ጠይቁት። ስትደርሱ የሚጠይቃችሁ ሰው አይታጣምና።