ግንብ የሌለው ትዝታ

የተከበራችሁ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አመራሮችና መምህራን፣ ከሮቤም ከጎባም ከሩቅም የመጣችሁ ወላጆች፤ ውድ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ባጋ ገመዳን!

ስለ ሥራ ፍለጋ እንድመክራችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ ዛሬ የማወራው ስለ ምሽግ ነው።

መቐለ ውስጥ ጣሊያኖች የመሸጉበት እንዳ ኢየሱስ የሚባል ቦታ አለ። በጥር 1888 ምሽጉ ለመድፍ አልበገር ሲል እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስያዙበት፤ አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖም በጥም ተሸንፎ ለቅቆ ወጣ። ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በዚያው ስም ይጠራል። ተማሪው የታሪክ መጽሐፍ ባይገልጥ እንኳ የቦታው ስም ያስታውሰዋል።

የባሌስ? እንዲህ ያለ ግንብ የለንም። የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ሆነው በደቡብ ጣሊያንን ተዋግተው በየካቲት 1929 ጎገቲ ላይ ጦራቸው ተደመሰሰ፤ እሳቸውም ተገደሉ። አዲስ አበባ በግራዚያኒ ጭፍጨፋ በደም የታጠበችው በዚያው ሰሞን ነው፤ የጎገቲ ሐዘን በዚያ ሐዘን የተዋጠ ይመስለኛል። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ጣሊያን ተግዘው በ1933 ቶሪኖ ላይ አረፉ። እዚያው ጎገቲ ጦር ሜዳ የወደቁት ደጃዝማች ገብረማርያም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተሰይሞላቸዋል። ከባሌ ዘምቶ የቀረውን ተራ ወታደር ስሙን ማን ያውቃል?

ደግሞ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወላጆች በብዙዎቻችሁ ቤት “ጦርነቱ” ሲባል የሚታወሰው የጣሊያኑ አይመስለኝም። በመሬትና በግብር በደል ተነሥቶ ከ1955 እስከ 1962 የዘለቀው፣ ጄኔራል ዋቆ ጉቱ የመሩት አመፅ ነው። ጎባ የተቀመጠ ገዥ በአንዱ ቤት ትዝታ አርበኛ ነው፣ በሌላው ቤት ግብር አስገባሪ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ግንብ ቢኖረን ኖሮ የሚነግረን የገንቢውን ወገን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ግንብ ማጣታችንን ሙሉ በሙሉ እንደ ጉዳት አልቆጥረውም።

የጎገቲን ውጊያ ያየ ሰው ዛሬ አይገኝም ማለት ይቻላል። በ1955 ልጅ የነበረ ግን ሰባን ተሻግሮ በየመንደራችሁ አለ። ጎባ የተማራችሁ የጤና ተመራቂዎችማ በየቀኑ የሆስፒታል አልጋ ላይ ታገኙታላችሁ። ፈቃዱን ጠይቁ፣ በስልካችሁ ቅዱት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ቅጂውንም ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። በአፋን ኦሮሞ የተናገረውን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ የተናገረውን በአማርኛ፤ ሳታሳምሩ።