ፍጻሜውን ሳያውቁ መጽናት

ስለ ክርስቲያናዊ እምነትና ጽናት ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር





ስለ ጽናት ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ ከፍጻሜው ተነሥተን ወደ ኋላ እንተርካለን። የፋሺስት ጣልያን ወረራ አምስት ዓመት እንደ ቆየ እናውቃለን፤ ስለዚህም በ1929 ዓ.ም. የነበረ ሰው ጥቂት ዓመታት ብቻ መታገሥ ይበቃው እንደ ነበር ሳናስተውለው እንገምታለን። እርሱ ግን ይህን አያውቅም ነበር። ወረራው አምስት ዓመት ይቆይ ወይም ሃምሳ፣ የሚነግረው አልነበረም። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ክርስቲያናዊ ጽናት ፍጻሜውን ከማወቅ የሚመነጭ አይደለም፤ ፍጻሜው በተሰወረበት ሰዓት በእጅ ያለውን ተግባር በታማኝነት መፈጸም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ፣ በእኛ ቋንቋ ትዕግሥት ወይም ጽናት ተብሎ የሚተረጎመው ቃል «ሂፖሞኔ» ነው። ቃሉ «ከሥር» እና «መቆየት» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ሸክሙን ጥሎ አለመሸሽን፣ ከሥሩ ሆኖ መቆየትን ያመለክታል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 5 ከመከራ ተነሥቶ፣ በትዕግሥትና በመፈተን አልፎ፣ ወደ ተስፋ ይደርሳል። ሐዋርያው ከዚያ በፊትም ስለ ተስፋ መናገሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በመከራ ውስጥ ያለፈው ተስፋ በመንገዱ መጨረሻ የሚገኝ እንጂ ለመንገዱ አስቀድሞ የሚከፈል ዋስትና አይደለም።

ይህን በጉልህ የሚያሳየን ነቢዩ ኤርምያስ ነው። በትንቢቱ ምዕራፍ 32 እንደምናነበው የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቧል፤ ነቢዩም በንጉሡ በሴዴቅያስ ትእዛዝ በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። በዚህ ሰዓት የአጎቱ ልጅ ሐናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ኤርምያስም በ17 ሰቅል ብር ገዛው። እዚህ ላይ ላስተውል የምፈልገው የውሉን ዝርዝር ነው። ብሩ በሚዛን ተመዘነ፤ ምስክሮች ፈረሙ፤ አንዱ የውል ጽሑፍ ታተመ፣ ሌላው ክፍት ሆነ፤ ባሮክም ሁለቱን ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ አኖራቸው። ነቢዩ ከተማይቱ እንደምትወድቅ ያውቃል፤ ራሱ ተናግሮታልና። በእርሻው ላይ ሞፈርና ቀንበር አንሥቶ እንዳረሰም አልተጻፈም፤ ኋላም ወገኖቹ ወደ ግብፅ ይዘውት ወርደዋል። የተስፋ ቃሉ ለሕዝቡ እንጂ ለእርሱ ዕድሜ የተሰጠ አልነበረም። ሆኖም ውሉን እንደ ማንኛውም ሰላማዊ ዘመን በሕጉ መሠረት ፈጸመ።

በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት መካከል የሚቆጠረው ተረፈ ባሮክ ከዚሁ ዘመን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። አቤሜሌክ በለስ ይዞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ 66 ዓመት ይቆያል፤ ሲነቃም ጥፋቱ አልፏል፣ በለሱም ትኩስ ነው። ይህ ለአቤሜሌክ የተደረገ ምሕረት ነው። እኛም በልባችን የምንመኘው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ክፉው ዘመን እስኪያልፍ ተኝቶ መቆየትን። ለአብዛኛው ሰው የተሰጠው ግን የአቤሜሌክ እንቅልፍ ሳይሆን የኤርምያስና የባሮክ ንቃት ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ ልመለስ። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን መልእክተኞች በ1920ዎቹ መጀመሪያ በወላይታ ሶዶ ሥራ ጀመሩ። መሬቱ ፈጽሞ ያልታረሰ አልነበረም፤ የኦርቶዶክስ ክርስትና በአካባቢው ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ከጋሞ የተነሣው ኤሳ ላሌም ሕዝቡ ጣዖትን ትቶ አንዱን ፈጣሪ፣ ጦሳን እንዲያመልክ ሰብኮ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ሚሲዮናውያኑ በጣልያኖች ትእዛዝ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመት የአማንያን ማኅበረሰብ አገኙ።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። እኔ ተአምርነቱን ልክድ አልመጣሁም፤ ነገር ግን የታሪክ ተማሪ በ48 እና በ10,000 መካከል ምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ማኅበረሰቡ ከጅምሩ በውጭ ገንዘብ ላይ እንዳይመሠረት ተደርጎ ነበር፤ የራሱ ሽማግሌዎች ነበሩት፤ ማንበብ የቻለው ላልቻለው ያነብ ነበር፤ ያመነውም ለጎረቤቱ ይመሰክር ነበር። መሪዎቹ ሲታሰሩና ሲገረፉ ምእመናኑ ስንቅ ይዘው ወደ ወኅኒ ይሄዱ ነበር። በአደባባይ ከተገረፉት አንዱ ዋንዳሮ የተባለው ወንጌላዊ ነው፤ በእስር ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። ስንቅ ማቀበል፣ ተሰብስቦ መጸለይ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላው ተተክቶ ማስተማር፤ እያንዳንዱ ተግባር ትንሽ ነው፤ ለነገ እንጂ ለአምስት ዓመት የታቀደ አልነበረም። ነገር ግን ጽናቱ የአንድ ጀግና ልብ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች የዕለት ልማድ ስለ ነበር መሪዎቹን በማሰር ሊቋረጥ አልቻለም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእጅ ያለውን ተግባር መፈጸም ማለት ለግፍ ዝም ብሎ መገዛት አይደለምን? ለዚህ መልሱን በዚያው የወረራ ዘመን እናገኘዋለን። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ናቸው። ጣልያኖች አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠይቋቸው እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ለአንድ ጳጳስ በእጅ ያለ ተግባር ማውገዝና መባረክ ነው፤ እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለግፈኛ አላዋሉም። ያ ቀን ወረራው ከመጀመሪያ ዓመቱ ገና ያላለፈበት፣ ድል ማን እንደሚያደርግ ማንም ሊምል የማይችልበት ቀን ነበር። ስለዚህ ጽናት መሸከምን ብቻ ሳይሆን እንቢ ማለትንም ይጨምራል፤ የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ለመለየትም ማስተዋል ያስፈልጋል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ቤተሰቡ ከቀዬው የተፈናቀለበት፣ ተመርቆ ሥራ ማግኘቱን የሚጠራጠር እንደሚኖር አውቃለሁ። ሁሉ መልካም ይሆናል ብዬ ላጽናናችሁ አልደፍርም፤ እንዲህ ያለ ቃል የመስጠት ሥልጣን የለኝም። እምነት ስለ መጪው ጊዜ የተሻለ ግምት መያዝ አይደለም። ግምት ማስረጃ ሲጎድል ይፈርሳል፤ ተስፋ ግን የሚያርፈው በሁኔታው ላይ ሳይሆን በእግዚአብሔር ታማኝነት ላይ ነው። ይህን ለማይቀበል ሰሚም ቢሆን የወላይታው ታሪክ የሚያቀርበው ጥያቄ አለ።

ጥያቄው ይህ ነው። ዛሬ ሽማግሌዎቻችን፣ መምህራኖቻችን፣ ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ በአንድ ቀን ቢወሰዱብን ከመካከላችን ማን ያነብባል? ለታሰረው ማን ስንቅ ያቀብላል? ውሉንስ በሸክላ ዕቃ አኑሮ ለሚመጣው ትውልድ የሚያቆይ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰው ስም ጠርተን መመለስ ከቻልን ጽናት በመካከላችን አለ ማለት ነው። ካልቻልን ዘመኑ እስኪጠራ አንጠብቅ፤ ሥራው ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ይጀምራል።