ጉልቻው፣ ግሪሉና የእናቴ በርጩማ



ይህችን ሰዓት እወዳታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲያንጨረጭረን የዋለው ፀሐይ ጠልቆ፣ ነፋሱ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ሽው ማለት ሲጀምር፣ ሰፈሩ በጠረን ያወራል። አንዱ ግቢ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ቀጥሎ ያለው ቡና ይቆላል፤ ከማዶ ደግሞ የፍየል ስብ ፍም ላይ ጠብ ሲል ጢሱ አጥር ይዘላል። ድሬዳዋ ላይ ማን ምን እንደሚበላ ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም፤ አፍንጫ ይበቃል።

ለምን ቢባል፣ እኛ ውጭ ነው የምናበስለው። እንደምታውቁት በ1895 የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጣ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና እግሩ ሥር ቆመ፤ በቆመበትም ይህች ከተማ ተቆረቆረች። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነን። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኛም እንደ ደገኛው በር ዘግተን እሳት እንሞቅ ነበር። አልወጣም። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ሲገባ አልጋችንን ይዘን ግቢ እንወጣለን። አልጋ ወደ ውጭ በሚሸሽበት ከተማ፣ ምድጃ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ምድጃ ነው። ነገሩን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ዳላስ፣ ቴክሳስ ይኖራል። ዘንድሮ ለበዓል መጣና የእናታችንን የጓሮ በረንዳ ሲሚንቶ አስለሰነላት፤ ቆርቆሮ አለበሰላት። ያ ሲያልቅ ማታ ስልኩን አውጥቶ እንዲህ አላት፦ «እማ፣ አሁን የቀረሽ ማብሰያ ነው። እስኪ ይህን እዪው።»

ፎቶው ላይ ያለው ዳላስ ጓሮው የሚገኘው የጋዝ ግሪል ነው። አራት ማንደጃ አለው፣ ሙቀት መለኪያ የተተከለበት ክዳን አለው፣ ከሥሩ ጎማ፣ ከጎኑ መደርደሪያ። ያብረቀርቃል። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋ «መኪና ገዛህ እንዴ?» አለችው። እናቴ ስልኩን ተቀበለች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ሥዕሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው፤ ከላይ እስከ ታች መረመረችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ምጣዱ የት ነው የሚጣደው?»

ወንድሜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አድማጮቼ፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት የዞርነው ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

እስኪ እንቁጠረው። የኛ ቤት አንድ እሳት አይበቃውም፤ ሦስት ዓይነት እሳት ይፈልጋል። አንደኛው የምጣድ እሳት ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም ስፋት ባለው ሸክላ ሥር ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚዘረጋ፣ ምጣዱን ወደ 200 ዲግሪ የሚያደርስ፣ ብርቱ እሳት። መሐሉ ነዶ ዳሩ ከቀዘቀዘ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሁለተኛው የወጥ እሳት ነው፦ ጠበብ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ሰዓት የሚቆይ። ሦስተኛው ፍም ነው፦ ለቡናው፣ ለጥብሱ፣ ለዕጣኑ። ሦስቱንም በአንድ ዕቃ እሠራለሁ የሚላችሁ ነጋዴ ካለ፣ ወይ ምጣድ አያውቅም፣ ወይ እናንተን አያውቅም።

አባቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ስለ ወጡ እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ወጡን ከጉልቻው ይልቅ የሚገዛው የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ግን እስከ 96 ይሄዳል። ባቄላውም ሥጋውም ድሬ ላይ ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነው። ግን ተረቱን የተረቱት ሰዎች ወጡን ቀምሰው ነው የፈረዱት። ጉልቻው አጠገብ ተቀምጣ የምትናፋውን ሴት ዓይን ማንም አልጠየቀም። ሦስት ድንጋይ ላይ ከሚነደው እንጨት አብዛኛው ሙቀት ድስቱን ሳያገኝ ለሰማይ ይሄዳል፤ ጢሱ ደግሞ ለደረቷ ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። ወጡ አልጣፈጠም ይሆናል፤ ጉልቻ መለወጥ ግን ዕድሜ ያጣፍጣል።

እንግዲህ ሁለተኛው ቀን ላይ ቀፊራ ገበያ ወረድን። ወንድሜ ፀሐይ መነጽሩን አድርጎ፣ እኔ ላቤን እየጠረግሁ። ምድጃ የምትሸጥ እናት ዘንድ ደረስን። ከፊቷ ወገባቸው የቀጠነ፣ ከውጭ ቆርቆሮ ከውስጥ ሸክላ የሆኑ የከሰል ምድጃዎች ተደርድረዋል። ላቀች የሚባለው ነው። ወንድሜ አንዱን አነሣና አገላብጦ አየው።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አላት።

«አቦ ልጄ፣ እሱ በያዥው ነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ከእጁ ተቀበለችና ሸክላውን በጣቷ ኳ፣ ኳ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሌላ አንሥታ መታች፤ ይሄኛው የተሰነጠቀ ጀበና ይመስል ቋቅ አለ። ይህን ለይታ ወደ ጎን አስቀመጠችው። «ዓይንህ ሳይሆን ጆሮህ ይግዛ» አለችው። እኔ በሕይወቴ የሰማሁት ምርጥ የንግድ ምክር ነው፤ ከሻጭ መምጣቱ ደግሞ ገረመኝ።

ላቀችም፣ ምርጥ የሚባለው ሌላው ምድጃም የ1980ዎቹ ልጆች ናቸው፤ በኛ አቆጣጠር። ላቀች የኬንያውን ባለ ሸክላ ጂኮ አርአያ አድርጋ የተሠራች ናት፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች፤ ሸክላው ሙቀቱን አቅፎ ስለሚይዝ። ምርጥ ምድጃ ደግሞ የእንጀራው ነው፤ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ጥሬ ዕቃ ተለውሶ በቅርጽ ይወጣል፤ ቁራጮቹ ገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ከፊት እንጨት ይገባል፤ ከኋላ ጢሱ በሚወጣበት ላይ ድስት ይጣዳል። ምጣዱን ካቃጠለው እሳት የተረፈው ሙቀት ወጥ ያሞቃል ማለት ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። ድሬ ደግሞ ለሲሚንቶ ባዳ አይደለችም፤ በጣሊያን ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው እዚሁ ነው።

«ኤሌክትሪክ ምጣድስ?» አለ ወንድሜ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጢስ የለው፣ አመድ የለው። ግን ምጣዱ ሲገዛ አብሮ መገዛት ያለበት ሽቦ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። በተራ ማከፋፈያ፣ በቀጭን ገመድ በመስኮት አሳልፈን በረንዳ ላይ ካበራነው፣ እንጀራው ሳይሆን ገመዱ ነው የሚበስለው። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ማቋረጫ፣ የምድር ሽቦ፣ ከላዩም ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም መብራት ሄደ የሚባል ነገር አለ። ሊጥ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል።

ጋዙንም አልናቅነውም። ለወጥና ለሻይ ከጋዝ የሚቀድም የለም። ብቻ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ጥላ ሥር መቆም አለበት፤ የኛ ፀሐይ ለሲሊንደር አይሆንም። ባሰሩት ቁጥር ደግሞ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ከተነፋፋ እየፈሰሰ ነውና ክብሪት አይነካም። እናቴ ይህን ስትሰማ «በየጊዜው ሳሙና ልቀባው?» አለችና ራሷን ነቀነቀች።

ወንድሜ ግን ግሪሉን ከልቡ አላወጣውም። በመጨረሻ አንድ ብየዳ ቤት ሄድንና በርሜል ለሁለት አስሰንጥቀን፣ በማጠፊያ አያይዘን፣ አራት እግር አስበየድንለት። አንዱ ግማሽ ፍም መያዣ፣ አንዱ ክዳን። ፍርግርጉን ሲመርጡ ዚንክ የተነከረውን የሚያብረቀርቅ ብረት አትግዙ፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ ጤና አይደለም። ጥቁሩ ብረት ይሻላል። በርሜሉም ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ጠይቁ፤ ኬሚካል የያዘ ከሆነ ለውሃም ለእሳትም አይሆንም። ንጹሑንም ቢሆን ሥጋ ሳይነካው ቀለሙ እስኪለቅ በባዶው በደንብ ማንደድ ነው።

ወንድሜ የክዳኑን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ሲያስረዳን «ሥጋውን ዘግተህ፣ ሙቀቱ ዙሪያውን ሲይዘው...» ሲል፣ ያቺው ጎረቤታችን አቋረጠችው፦ «ወሪያ! መንዲ ነው የምትለን?» እውነቷን ነው። የመኖች መሬት ቆፍረው፣ ፍም አንድደው፣ ከላይ ዘግተው ሥጋን በራሱ እንፋሎት ሲያበስሉ ስንት ዘመናቸው ነው። ድሬ ደግሞ ያን እጅ ታውቀዋለች። ዳላስ ያገኘው ጥበብ እኛ ዘንድ ባሕሩን ተሻግሮ ቀድሞ የደረሰ ኖሯል።

የሚገርመው ግን ማታ ነው የመጣው። እሳቱ ሲቀጣጠል ወንድሜ አፍንጫውን አነሣ። «ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አለ። ከሰሉ የፕሮሶፒስ ነበር። ያን እሾኻም ዛፍ ታውቁታላችሁ፤ የባጃጅ ጎማ የሚበሳው፣ ፍየል ፍሬውን በልታ ዘሩን በየደረሰችበት የምትዘራው፣ የአፋርን ግጦሽና የኛን ዙሪያ የወረረው። ቴክሳስ ውስጥ የቅርብ ዘመዱ መስኪት ይባላል። ወንድሜ እዚያ በሚያምር ከረጢት የታሸገ የመስኪት ከሰል በዶላር ይገዛል፤ ጢሱ ሥጋ ያጣፍጣል ተብሎ። እኛ ደግሞ እንደ ጠላት እንረግመዋለን። አፋር ውስጥ ዛፉን ለመግታት በማኅበር እያከሰሉ መሸጥ ተሞክሯል፤ በሱ ስም ነባሩ ግራር እንዳይቆረጥ የሚለው ስጋት ግን አልቀረም። ስለዚህ ከሰል ስትገዙ የምን ዛፍ እንደሆነ መጠየቅ ከምድጃው ምርጫ አያንስም።

እንግዲህ ዕቃው ሁሉ ተገዛ። ምርጥ ምድጃው፣ ላቀቿ፣ በርሜሉ። ወንድሜ ሜትር ይዞ በረንዳውን እየለካ፣ ምጣዱን ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ግሪሉን ፊት ለፊት «እይታ እንዲኖረው» ሲል፣ እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። መሐል ላይ ቆመች። ነጠላዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፤ ወዴት እንደሚነፍስ አየች። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ በተረከዟ ሲሚንቶው ላይ ጫር አደረገች፤ በርጩማውን አስቀመጠችና ተቀመጠችበት።

«ነፋሱ ከጀርባዬ ይምጣ» አለች። «አየሩ በአፉ ይገባል፤ ጢሱ በኋላው ይወጣል። እኔን አይነካኝ፣ የጎረቤትን የተሰጣ ልብስም አይነካ። ምድጃውን እዚህ ፊቴ አምጡልኝ።»

አመጣን። ሳምንት ሙሉ የዞርንበት ነገር በደቂቃ አለቀ። እኛ ዕቃ መርጠን ቦታ ስንፈልግለት፣ እሷ መቀመጫዋን መርጣ ዕቃውን አስጠራችው። ለካ መጀመሪያ መለካት የነበረበት በርጩማው ነው። በማለዳ ተነሥታ ሠላሳ እንጀራ የምትጋግረው፣ ምጣዱን የምታሰስሰው፣ አመዱን የምትጠርገው እሷ ናት። እኛማ በበዓል ቀን ፍም ከበን ቆመን ሥጋ የምናገላብጥ እንግዶች ነን።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሰል እሳት በዘነበ ጊዜም፣ በበረደ ጊዜም፣ በር ወደ ተዘጋ ክፍል አይገባም። ሽታ የሌለው ጋዙ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል። ውጭ የተወለደ እሳት ውጭ ይደር።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከዳላስ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ «እማ፣ ግሪሉ እንዴት ነው?» አላት።

እናቴ ወደ ጓሮ አየት አደረገች። ምርጥ ምድጃው ላይ ምጣዱ እየጋለ ነበር። በርሜሉ ጥግ ላይ ቆሟል፤ በሆዱ ዝናብ እንዳይነካው የተቀመጠ የከሰል ማዳበሪያ፣ ተዘግቶ ክዳኑ ላይ የተሰጣ በርበሬ።

«በጣም ጥሩ ነው ልጄ» አለችው። «እግዜር ይስጥህ፤ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።»