ብስክሌተኛውን ለሞት የሚያደርሰው ምንድን ነው?

(ለመሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ መንገድ አደጋ እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ጊዜው አጭር በመሆኑ ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እወስነዋለሁ፤ ይኸውም ብስክሌተኛውን ለሞት የሚያደርሰው ምንድን ነው? የሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከነዚህም 6 ከመቶ ያህሉ፣ ማለትም 70 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ብስክሌተኞች ነበሩ።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የሁላችንም የመጀመሪያ ጥያቄ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለፍርድ ቤትና ለመድን ድርጅት ተገቢ ነው። ለመሐንዲስ ግን አይበቃም፤ ግጭትን የሚያመጣው ሌላ፣ ግጭቱን ወደ ሞት የሚለውጠው ሌላ ነውና። ግጭትን የሚያመጡ ነገሮች ብዙ ናቸው። አሽከርካሪው ይዘናጋል፤ ብስክሌተኛው ቀይ መብራት ይጥሳል፤ የቆመ መኪና በር በድንገት ይከፈታል፤ በፍሳሽ መውረጃ ላይ የተጋደመው የብረት ፍርግርግ የብስክሌቱን ጎማ ይውጣል። ሰው ሰው እስከ ሆነ ድረስ ስሕተት ከመንገድ ላይ አይጠፋም። ግጭቱን ወደ ሞት የሚለውጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ፤ እነርሱም ፍጥነት፣ ክብደትና ጨለማ ናቸው።

ከፍጥነት እንጀምር። አንድ አሽከርካሪ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብለን እንነሣ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይም በ5 ሜትር ያህል ውስጥ ይቆማል፤ በድምሩ 13 ሜትር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በዚያችው ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ስፍራ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልያዘም፤ ብስክሌተኛውን የሚመታው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የምቱም ኀይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረው። በመንገዱ ዳር ያቆምነው የፍጥነት ምልክት 30 ቢልም፣ መንገዱን ሰፊና ቀጥ ያለ አድርገን ከሠራነው አሽከርካሪው የሚታዘዘው ለምልክቱ ሳይሆን ለመንገዱ ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ከባድ የጭነት መኪና ለመግደል ፍጥነት አያስፈልገውም። በአገራችን እንደ ሆነው በቀኝ በሚነዳበት መንገድ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ፈለግ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቈርጣሉ። በቀኝ ጎኑ ቆሞ መብራት የሚጠብቀው ብስክሌተኛ በጎማዎቹና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ይያዛል። ከፍ ብሎ የተቀመጠው አሽከርካሪ ከበሩ ሥር ያለውን መሬት በስፖኪዮ እንኳ በሚገባ አያየውም። ለንደን ከተማ በዚህ ምክንያት ከ12 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖች ከአሽከርካሪው ወንበር ምን ያህል እንደሚያሳዩ እየመዘነ ፈቃድ የሚሰጥ ደንብ አውጥታ፣ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅጣት ታስፈጽማለች። በዚህ ረገድ ስለ ራስ ቁር ቃል ልጨምር። የራስ ቁር በመውደቅ ከሚመጣ የራስ ጉዳት ይጠብቃል፤ ሁላችንም ልናደርገው ይገባል። ነገር ግን ደረቱ ላይ ጎማ ለሄደበት ሰው የሚፈይደው የለም።

ሦስተኛው ጨለማ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከ1,000 በላይ ብስክሌተኞች በሞቱባት በአሜሪካ፣ አብዛኛው ሞት የሚደርሰው ከመስቀለኛ መንገድ ውጭ ነው፤ ግማሽ ያህሉም በጨለማ ነው። የመንገድ ትከሻ በሌለበት፣ መብራት በማይደርስበት መንገድ ላይ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ መኪና ብስክሌተኛውን የሚያየው ሊመታው ሲል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነውን? አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተው ነበር፤ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ። መንግሥትና ከተሞቹም በጊዜ ብዛት የመኪናን ፍጥነት በመንደር ውስጥ ገደቡ፤ የብስክሌትን መንገድ ለዩ። በ2023 እ.ኤ.አ. የሟቾቹ ጠቅላላ ቍጥር ከ700 በታች ነበር። የስዊድን ፓርላማም በ1997 እ.ኤ.አ. የሰው ስሕተት በሞት መቀጣት የለበትም የሚል መርሕ አጽድቆ፣ ከኀላፊነቱ ከፍ ያለውን ድርሻ በመንገድ ሠሪው ላይ ጣለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት ከጥንት የተለመደ መጓጓዣ ነው። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መስመር የሚፈተነው በመካከሉ ሳይሆን በሚያልቅበት ስፍራ ነው። መስቀለኛው መንገድ ዘንድ ሲደርስ የሚቋረጥ መስመር ብስክሌተኛውን በደኅና አምጥቶ ለሚታጠፈው የጭነት መኪና ያስረክበዋል። ከከተማ የሚወጡት ዋና መንገዶች ደግሞ ተማሪውና ገበሬው በብስክሌት የሚሄዱባቸው ሆነው ሳለ፣ ትከሻቸው ጠባብ ከሆነ በመሸ ጊዜ የቀረው ሁሉ በአሽከርካሪው ዐይን ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ብስክሌተኛ በሞተበት ስፍራ ሁሉ ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር መሐንዲስም ተገኝቶ መንገዱን ይመርምር፤ በመዝገቡ ላይ ከአሽከርካሪው ጥፋት ጎን የመንገዱ ጉድለትም ይጻፍ። ሰው በሚበዛበት ስፍራ የምንነድፈው መንገድ በቅርጹ ራሱ ፍጥነትን የሚገታ ይሁን። የብስክሌት መስመርም መስቀለኛውን መንገድ ሳያሻግር ተጠናቀቀ ተብሎ ርክክብ አይደረግበት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አሽከርካሪው ለመምረጥ ያለው አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። እኛ ግን ንድፉን ስንሠራ ወራት አሉን።