የታሸገው ቁልፍ

ድብልቅ ምስጠራ ሁለት ዘዴዎችን ያጣምራል። ለሁሉም ክፍት የሆነው ይፋዊ ቁልፍ ቀርፋፋ በመሆኑ አንድ አጭር የምስጢር ቁልፍ ብቻ ያሽጋል፤ መልእክቱን የሚሰውረው ይህ አጭር ቁልፍ ነው። ኤም-ፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የስልክ ገንዘብን ባስለመደባት ናይሮቢ የዚህ እሽግ ጥንካሬ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

ስጋቱ እሽጉን በጉልበት ከመስበር አይመጣም። ዳንኤል ብላይከንባከር በ1998 እንዳሳየው፣ በጥቂቱ የተለወጡ እሽጎችን ለሰርቨር ደጋግሞ እየላኩ የስህተት ምላሹን በማጤን ብቻ ምስጢሩን ማውጣት ይቻላል። ይህ በእርግጥ አስደንጋጭ ግኝት ነበር።

ጃፓናውያኑ ፉጂሳኪና ኦካሞቶ በ1999 ያቀረቡት መላ ግሩም ነው። ለማሸግ የሚያስፈልገው የዘፈቀደ ቁጥር ከምስጢሩ ራሱ ይመነጫል፤ ስለዚህ ተቀባዩ እሽጉን ከፈታ በኋላ እንደገና አሽጎ ከደረሰው ጋር ያመሳክራል። በኋላ በዳበረው ስልት፣ ሁለቱ ካልገጠሙ ተቀባዩ ስህተት አያሳውቅም፤ ከምስጢሩ ጋር የማይገናኝ ቁልፍ ይጠቀማል፣ አጥቂውም ፍንጭ አያገኝም።

የኳንተም ኮምፒውተርን ጥቃት እንዲቋቋም ታስቦ አሜሪካ በነሐሴ 2024 ያጸደቀችው ኤምኤል-ኬም የተባለው የቁልፍ ማሸጊያ መስፈርት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መካከለኛ ደረጃው 1088 ባይት እሽግ ይልካል፤ የሚያስገኘው ቁልፍ ግን 32 ባይት ብቻ ነው።