ከበረዶ ሥር የሚወጣው አበባና የማኅበራችን ሒሳብ

(በግንቦት ወር በኦታዋ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ስንነሣ ቁጥር ልናነብ መስሏችሁ እንደምትፈሩ እናውቃለን። ቁጥሩ በወረቀት ታድሏችኋል። የምንናገረው ከወጪ ዝርዝሩ ግርጌ «አበባ» ተብላ ስለተጻፈችው አንዲት መስመር ነው። ሦስት ሰዎች ጠይቀውናል፤ አንዷ እህታችንማ ቆጣ ብላ ነበር የጠየቀችው። «ሴቱ የቤት ኪራይ ጨንቆት አበባ ምን ይሠራልናል?» አለችን። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባዋል።

የገንዘቡን ነገር አስቀድመን እንጨርስ። ለጋሾች ለተለየ ሥራ ከሰጡት ላይ አንድ ሳንቲም አልተነካም። የተከፈለው በወር ስብሰባችን ላይ ለቡና ከምናዋጣው ሣጥን ነው። ደረሰኙ አለ፤ ማየት የምትፈልግ ከስብሰባው በኋላ ትምጣ።

አሁን ወደ አበባው እንሂድ። አገር ቤት መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ይሞላዋል። እዚህ ደግሞ መስከረም የመቅበሪያ ጊዜ ነው። ባለፈው መስከረም ማለቂያ፣ መሬቱ ሳይጠጥር፣ ከመሰብሰቢያችን ደጃፍ ባለው መሬት ላይ ቱሊፕና ዳፎዲል ተከልን። ዘር አይደለም የሚተከለው፤ ሽንኩርት የመሰለ ኮረት ነው። «ወጥ ልንሠራ ነው እንዴ?» ብለው የሳቁ ነበሩ። የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይቆፈራል፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይደረጋል፣ አፈር ይመለስበታል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ ድረስ የሚታይ ነገር የለም።

በረዶው ሲወርድ ብዙዎቻችን «በቃ፣ ሞተ» ብለን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ኮረቶች ደህና አድርገው ለማበብ ከሦስት እስከ አራት ወር የሚቆይ ብርድ ይፈልጋሉ። በውስጣቸው ያከማቹት ምግብ በብርዱ ጊዜ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ አገዳውም ሙቀት ሲመጣ ለመመዘዝ ይዘጋጃል። ብርዱን ያላገኘ ኮረት ቅጠል ቢያወጣ እንኳ አበባው ደካማ ነው፤ ወይም ጭራሹን አያብብም። አዲስ አበባ ላይ ብትተክሉት የሚቸገረው ለዚህ ነው። በረዶውም እንደ ጋቢ ሆኖ መሬቱን ይሸፍነዋል፣ ቅዝቃዜው በአንድ ጊዜ እንዳይጎዳው ይከላከልለታል።

ይህን ስንል «እናንተም በስደት ብርድ ታብባላችሁ» ልንላችሁ አይደለም። እንዲህ ያለውን ንግግር በየመድረኩ ሰምተን ጠግበናል። የሰው ልጅ ኮረት አይደለም፤ ብርድ የመታው ሰው የሚፈልገው ካፖርትና ጎረቤት ነው።

ይልቅስ ይህች ከተማ በየግንቦቱ ስለምትታይበት ቱሊፕ እናውራ። ዳውስ ሌክ ዳር ልጆቻችንን ፎቶ የምናነሣበት አበባ ከስደተኛ እናት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሆላንድ በ1940 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጦር ስትያዝ ልዕልት ጁሊያና ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ እዚህ ኦታዋ ገባች። ባሏ ለንደን ቀረ። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ ልጇን በከተማችን ሲቪክ ሆስፒታል ወለደች። የተወለደችው ልጅ ዜግነቷ የሆላንድ ብቻ እንዲሆን፣ የካናዳ መንግሥት የመውለጃ ክፍሎቹን ለጊዜው ከካናዳ ግዛት ውጭ እንደሆኑ አወጀ። ልጅቷን ማርግሪት አሏት፤ የአበባ ስም ነው።

በዚያው ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ብርቱ ረኀብ ገባ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ሕዝቡ የቱሊፕ ኮረት እየቀቀለ በላ። ሆላንድን ነፃ በማውጣት የካናዳ ወታደሮች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 እ.ኤ.አ. መከር ላይ 100,000 የቱሊፕ ኮረት ለኦታዋ በስጦታ ተላከ። ልብ በሉ፣ ሰጪው ገና ከረኀብ የወጣ አገር ነው። የላከው ከወራት በፊት ሕዝቡ ቀቅሎ የበላውን ነገር ነው። እስከ ዛሬም በየዓመቱ ይላካል።

እዚህ ከተቀመጥነው መካከል የመጀመሪያ ልጇን በመጀመሪያው ክረምቷ የወለደች እህት አለች። እናቷ ሩቅ፣ ባሏ ወረቀቱ ያላለቀለት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት በበረዶ ተጉዘን፣ ገንፎ ገንፍተን፣ ተራ ገብተን አደርን። ያቺ እህት ዛሬ በየወሩ መዋጮዋን ታስገባለች፤ በመስከረምም ሕፃኗን አዝላ ቆፍራለች። ለጋሾቻችን፣ ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ ስትጠይቁን ከወረቀቱ ሌላ ልናሳያችሁ የምንችለው ይህን ነው።

ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ቱሊፕ ሲያብብ ዋናውን ገንዘብ አሟጦ ያወጣል፤ የቀበርነው ኮረት በዚያው ወቅት ያልቃል። በጎኑ አዳዲስ ትንንሽ ኮረቶች ያፈራል፤ እነሱን የሚቀልባቸው አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው ቅጠል ነው። ስድስት ሳምንት ያህል፣ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ፣ ዝም ብሎ ይሠራል። በዚያ ጊዜ መልኩ አያምርም። የግቢው ተቆጣጣሪ «ይታጨድ» ብሎናል፤ እኛም እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲታገሠን ለምነን ፈቅዷል። ከታጨደ የሚመጣው ዓመት ኮረት ቀጭን ይሆናል፣ አበባም አይሰጥም።

በዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው ነጥብ ላይ፣ ከተዘዋዋሪው ብድር የተመለሰው ገንዘብ ለአባላት ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስናካፍለው ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይሞላም። በኅዳር ግን የቤት መያዣ፣ ቦት ጫማ፣ ካፖርት የሚሉ ጥያቄዎች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። የእኛ አስተያየት ገንዘቡ እስከ መከር ይቆይ ነው። ለአንዳንዶቻችን ግን ክረምቱ አሁን ግንቦት ላይ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ የቸገራት እህት ስሟ ሳይጠራ በሒሳብ ክፍል በኩል እንድትበደር የተወሰነ ገንዘብ ለይተናል። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ እጅ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ሳንል አንወርድም። የተረፈው የዳፎዲል ኮረት ከምድር ቤቱ ወጥ ቤት፣ ከቀይ ሽንኩርቱ ኬሻ አጠገብ ተቀምጦ አግኝተነዋል። ዳፎዲል መርዝ ነው፤ ሽኮኮዎቹ እንኳ ቱሊፑን ቆፍረው ሲበሉ እሱን የሚተዉት ለዚህ ነው። ወጥ ውስጥ ቢከተፍ ያስመልሳል፣ ሆድ ያሳምማል። አሁን በቀይ ቀለም ተጽፎበት በላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ለዝክሩ ሽንኩርት የምትልጡ እህቶች ከዚያ መደርደሪያ ምንም እንዳታወርዱ አደራ።