ሰው ሳላስቸግር ውሰደኝ



የካ ሚካኤል ደጅ ወይም እንጦጦ ማርያም ዐጸድ ሥር ከአንዲት አሮጊት እናት አጠገብ ቆማችሁ ጸሎታቸው ጆሯችሁ ከገባ፣ ከልመናቸው መካከል አንዲቱን ሳትሰሟት አትቀሩም። «ሰው ሳላስቸግር ውሰደኝ» ይላሉ። ዕድሜ ጨምርልኝ አይሉም፤ እሱንማ ጠግበውታል። የሚያስፈራቸው አልጋ ላይ ወድቆ የልጅ እጅ ማየት ነው። ገላ የሚያጥብ፣ ውኃ የሚያቀብል፣ ሌሊት ሲያቃስቱ የሚነሳ ሰው መፈለግ ነው።

ዛሬ የማወጋችሁ ከዚህች ጸሎት ብዙም ሳልርቅ ነው። የማይድን ሕመም የያዘው ሰው «በቃኝ፣ ገላግሉኝ» ቢል፣ ሐኪም እንዲሞት ሊረዳው ይገባል ወይ? ሕግስ ይፍቀድ ወይስ ይከልክል? «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብላችሁ ጣቢያ ለመቀየር አትቸኩሉ።

ከቀበና ወደ መገናኛ የሚመላለስ ሰው ያንን ዛፍ የዋጠውን ሰፊ ግቢ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች የሰጡት መሬት ነው፤ ዛሬም የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። በእነዚህ ጎረቤቶቻችን አገር የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 330 አባላት ደገፉ፣ 275 ተቃወሙ። ረቂቁ ከስድስት ወር በላይ አይኖርም የተባለ አዋቂ ሰው ሁለት ሐኪሞች አይተውት፣ ፍርድ ቤትም አጽድቆለት፣ ሕይወቱን የሚያሳልፍበት መድኃኒት እንዲያገኝ የሚፈቅድ ነበር። ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ድምፅ ሲሰጥ ግን ውጤቱ 314 ለ291 ሆነ። በሰባት ወር ውስጥ ልዩነቱ ከ55 ወደ 23 ወረደ ማለት ነው። በመካከል ዳኛው ቀርቶ በባለሙያዎች ጉባኤ ተተክቷል። ጉዳዩን ከሩቅ ሲያዩት የደገፉ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲገቡ እንዳመነቱ ቁጥሩ ይናገራል። ረቂቁም ወደ ላይኛው ምክር ቤት፣ ወደ ጌቶቹ ቤት ተላለፈ።

እንግሊዞቹ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። የአሜሪካዋ ኦሪጎን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ኔዘርላንድስና ቤልጅየም በ2002፣ ካናዳ በ2016 ተከተሉ። የካናዳው ነገር ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። መጀመሪያ የተፈቀደው ሞቱ ለተቃረበ ሕመምተኛ ብቻ ነበር። በ2021 ሕጉ ሲሻሻል ሞት መቃረቡ ቀረ፤ የማይድን ሕመም ወይም አካል ጉዳት ኖሮት የሚሰቃይ ሰው፣ ገና ብዙ ዓመት ሊኖር ቢችልም፣ መጠየቅ ቻለ። የአእምሮ ሕመም ብቻ ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ እስከ መጋቢት 2027 ድረስ ተላልፏል እንጂ አልተዘጋም። በ2023 በአንድ ዓመት ብቻ 15,343 ሰዎች በዚህ መንገድ ሞቱ፤ በአገሪቱ ከሞተው ሃያ ሰው አንዱ ያህል ነው። በ2022 ደግሞ ለጦር ጉዳተኞች አገልግሎት የሚሰጥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እርዳታ ፍለጋ ለመጡ የቀድሞ ወታደሮች ይህንኑ አማራጭ ማንሳቱ ታውቆ አገር ተንጫጫ። እርዳታ ፈልጎ ለመጣ ሰው ሞትን ማቅረብ እንዴት ያለ ጉድ ነው!

ቶሮንቶና ካልጋሪ ወላጆቻቸውን ወስደው የሚያኖሩ ወገኖቻችን እያዳመጡን ከሆነ፣ ይህ ለእነሱ ከቤታቸው በር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናት ከሐኪም ፊት ተቀምጠው፣ ልጅ እያስተረጎመ፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ተብለው ሲጠየቁ አስቡት። «ልጆቼን አላስቸግር» ይላሉ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ የእናት ወግ ነው ብሎ ያልፈዋል። ፎርም የሚሞላው ሐኪም ግን ምን ብሎ ይጽፈዋል?

ወደ አገራችን ሕግ ልምጣ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542፣ ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳ ወይም የረዳ፣ ሰውየው ከሞተ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የጄኔቫ ምሁር ናቸው። በእሳቸው አገር በስዊዘርላንድ ሕግ የሚቀጣው ለራሱ ጥቅም ብሎ የረዳ ሰው ብቻ ነው። ለዚህም ነው እዚያ እገዛውን የሚሰጡ ማኅበራት በይፋ የሚሠሩትና ከሌላ አገር ጭምር ሕመምተኛ የሚሄድላቸው። የእኛ ሕግ ያንን ቀዳዳ አልተወም። ለውርስ ብለህም እርዳ፣ አዝነህም እርዳ፣ ወንጀል ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አታደርግም፤ በእስልምናም ነፍስ የሰጪዋ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ማጥፋታቸውን የሚያነሳብኝ አድማጭ አይጠፋም። እሱ የጦር ሜዳ ነገር ነው ወዳጄ፤ እኛ የምናወራው ስለ ሕመም አልጋ ነው።

ሕግና ሃይማኖት ከልክለዋል ብዬ ብቻ ግን ወጌን አልዘጋውም። ምክንያቱን የማገኘው እዚሁ ከተራራችን ላይ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የወጣ ሰው ያየውን አይረሳም። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በየደሳሳው ቤት ተከራይተው፣ አንዳንዶቹም ላስቲክ ወጥረው ይኖሩ ነበር። አከራይ ያባረረው አለ። ወንድሙ ሳህኑን የለየበት አለ። ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ለአያት ሰጥታ፣ «እኔም ተራዬን ልጠብቅ» ብላ የወጣች አለች። ሐኪም «መድኃኒት የለውም» ብሏቸው ነበር፤ ሐኪሙ አልዋሸም፣ በጊዜው ለድሃ ሰው መድኃኒት አልነበረውም። የእንግሊዞቹን የስድስት ወር መስፈርት እነዚህ ሰዎች ላይ ብታስቀምጡት ብዙዎቹ ያሟሉ ነበር። ሥቃዩም ነበር። ፈቃደኝነቱስ? ሸክም ነህ ተብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ፈቃድ ምን ያህል የራሱ ነው?

ከዚያ ጥር 1997 ዓ.ም. መጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ነገሩ በአንድ ጊዜ አልቀለለም፤ «ጸበል ከያዝክ ክኒኑን ጣል» የሚል ብዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በየጉያው ክኒን ይዞ ጸበል የሚጠመቅ ሰው በረከተ። ቃሬዛ ላይ የወጡ ሰዎች በእግራቸው ወረዱ። ዛሬ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በኮተቤ የልጅ ልጅ ያቀፉ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ ዕድር የሚመሩ አሉ። በ1994 «ገላግሉኝ» ያለውን ሰው ብንገላግለው ኖሮ፣ በ1997 ለማን ነበር መድኃኒቱን የምንሰጠው?

ደጋፊዎቹ «ይህ ልዩ አጋጣሚ ነው፤ ለቆሽት ካንሰር ነገ የሚመጣ መድኃኒት የለም» ይሉኛል። እውነት አላቸው። እንግዲያው ወደ ሕመሙ ራሱ እንግባ። የኦሪጎን ጤና ቢሮ ሕጉ ከወጣ ጀምሮ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። ሰዎቹ ለምን እንደጠየቁ ሲዘረዘር፣ ሥቃይ ከፊት የሚቀመጥ ምክንያት አይደለም። በራስ ፈቃድ መኖር አለመቻል፣ ደስ ያሰኝ የነበረውን ማድረግ አለመቻል፣ ክብር ማጣት ነው የሚበልጠው። ለቤተሰብ ሸክም እሆናለሁ የሚለው ፍርሃትም ከሥቃዩ በላይ ይጠቀሳል። ባሕር ማዶ ያለው ሀብታም ሕመምተኛና የእንጦጦዋ አሮጊት የሚጨነቁት በአንድ ነገር ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው ጭንቀቱን ለፈጣሪ ይነግሩታል፤ እዚያ ፎርም አለው።

አሁን ይህን ፎርም ወደ እኛ ቤት አምጡት። በእኛ ወግ ካንሰር የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሰሚ ነው። ውጤቱ ለታላቅ ልጅ ይነገራል፤ «ለእሳቸው እንዳትነግሯቸው፣ ይደነግጣሉ» ይባላል። አባት «ጨጓራ ነው» ተብለው ጥቁር አንበሳ ይመላለሳሉ። ሕመሙ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ሊስማማ ነው? የሚስማማለት ሌላ ነው፤ ያ ሌላ ደግሞ የቤቱን ካርታ በየትኛው መሳቢያ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ክፉ ልጅ አለ ማለቴ አይደለም። የደከመ ልጅ ግን አለ። በቆርቆሮ ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በወር ደመወዝ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ይደክማል፤ እንኳን እሱ ቅዱስም ይደክም ነበር።

ገንዘቡንም አንርሳ። ጥሪት አልቆ፣ ወንድም ተበድሮ፣ ዕድር ሰጥቶ፣ ከዚያ ሕመምተኛው «ቤቱ ይረፍ» ተብሎ ከሆስፒታል በታክሲ ሲመለስ ያላየ ማን አለ? ማከም የማይጠቅም ሲሆን ማቆም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ መግደል አይደለም፤ ሐኪምም ሃይማኖትም ይቀበሉታል። እኔ የምለው መታከም እየቻለ ብር ስላለቀበት ሰው ነው። ሞትን ገንዘብ በሚወስንበት አገር የሞት እገዛ ሕጋዊ ቢሆን፣ በነፃ የሚሰጠው ብቸኛው ሕክምና እሱ እንዳይሆን እፈራለሁ።

እስካሁን ያልኩት ለተቃዋሚው የሚጥም ነው። የሚቀጥለው ግን ላይጥመው ይችላል። ሕጋችን ከልክሏል ብለን የምንኮራበት ምን አለን? ዛሬ ማታ በየካ አባዶ ወይም በኮተቤ ከአንዱ ቤት፣ አጥንቱ ውስጥ ካንሰር የገባበት ሰው በፓራሲታሞል ያድራል። ጎረቤት ጩኸቱን ይሰማል፤ ቄስ ይጠራል፤ ሌሊቱ አይነጋም። ይህ ሰው «ግደሉኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298 ቶን ያህል የሞርፊን መጠን ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። መቶ ኪሎ! የእኛ ጤፍ ነጋዴ በአንድ ጋሪ የሚያደርሰው።

ሞርፊን ደግሞ ውድ መድኃኒት አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ አን ሜሪማን የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ ሲያቋቁሙ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው በጠርሙስ ይሰጡ ጀመር፤ በኋላም የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት በሕግ ተፈቀደ። እኛም አገር ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርተው፣ ነርሶች ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ እየሄዱ የሚያዩበትን ሥራ ጀምረዋል። ጤና ሚኒስቴርም መመሪያ አውጥቷል። የጎደለው መመሪያ አይደለም። መድኃኒቱ በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው፤ ያም ተገቢ ነው። ግን ሐኪሙ ሱስ ያስይዛል ብሎ ይፈራል፣ ፋርማሲው ማስቀመጥ ይፈራል፣ ቤተሰቡም «ሞርፊን ከታዘዘ አለቀለት ማለት ነው» ብሎ ይፈራል። ሁሉም ሲፈራ የሚሰቃየው ሕመምተኛው ነው። ለሥቃይ ተመጥኖ የሚሰጥ ሞርፊን ሕመምን ይገድላል እንጂ ሰውን አይገድልም። የሚገርመው፣ ይህንን በዘመናዊ መንገድ ያስተማሩት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ባቋቋሙት ሆስፒስ።

ሞርፊን ሁሉን ሥቃይ ያጠፋል አልልም። ሮቢን ስትራንሻም ፎርድ የሚባሉ ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ በካንሰር ሲሰቃዩ ሐኪም እንዲረዳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል፤ ውሳኔው ሲነበብ ግን እሳቸው ከሰዓታት በፊት ሞተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የእሳቸው ጥያቄ የቅንጦት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ሰው በምሳሌያዊ አነጋገር መመለስ ነውር ነው። ያም ሆኖ እኔ ሕጋችን እንዳለ ይቆይ ባይ ነኝ። ሌላው ምርጫ ሁሉ ሳይቀርብ የሚሰጥ ምርጫ ምርጫ አይደለም።

ሸክም ነኝ ለሚሉትም መልሱ በቃል አይደለም። አያት አካባቢ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የተባለ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያጥባል፣ ያጎርሳል። ሁላችንም መቄዶንያ መክፈት አንችልም፤ ለደከመ አስታማሚ ጎረቤት አንድ ሌሊት ተክቶ ማደር ግን እንችላለን። ዕድሮቻችን ለቀብር ድንኳን የሚያወጡትን ያህል ለማስታመም ቢያወጡ ምን ነበረበት?

በቤታችሁ በጽኑ የሚሰቃይ ሰው ካለ፣ ነገ ሐኪሙን «ሞርፊን ይታዘዝለት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን ጠይቁ። እያዳመጣችሁኝ «እኔስ ባልኖር» የምትሉም ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያም ሂዱ።